ምኩራቧ የነበረችበት ጥግ ይታወቅ፦ ለዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለከተማው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ቢሮ

ጉዳዩ፦ የከተማችን ቀደምት አይሁዳውያን የኖሩባቸውና የጸለዩባቸው ቦታዎች እዚያው በየቦታቸው እንዲታወሱ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ከንቲባ፣ የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ስጽፍ መብቴን ተጠቅሜ ነው። በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካለ ወዲህ ከተማው ሰነዶቹን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ደግሞም ከእናንተ ጋር አብረው እንዲያነቡት የምፈልጋቸው ወገኖቼ አሉ። መሃል ከተማ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ሆቴል የሚያጸዱ፣ ቡና የሚቀዱ ናቸው። ስለነሱ ስል እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልናገር።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ኖርዝዌስት በሚባለው የከተማው ሰሜን ምዕራብ ክፍል ውስጥ 6ኛ ስትሪትና ጂ ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ ላይ በ1876 አንዲት ትንሽ የጡብ ምኩራብ ተሠርታ ነበር። ዛሬ እዚያ የለችም። አዳስ እስራኤል የተባለው ጉባኤ የሠራት ናት፤ ከከተማችን የምኩራብ ሕንጻዎች መካከል እስከ ዛሬ ከቆሙት ሁሉ ቀዳሚዋ እሷ ነች። ሦስት ጊዜ ከመሠረቷ ተነሥታ በመኪና ተጭናለች። አሁን 3ኛ ስትሪትና ኤፍ ስትሪት ላይ፣ የካፒታል የአይሁድ ሙዚየም አካል ሆና ትገኛለች። የመጀመሪያው ቦታዋ መሬቱ ላይ እንዲሰመር፣ ሳውዝዌስት በሚባለው ደቡብ ምዕራብ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ የጠፋው የአይሁዶች ሰፈርም በዚሁ ዓይነት እንዲታወስ፣ የሁለቱም ታሪክ አማርኛን ጨምሮ ከተማው በሚሠራባቸው ቋንቋዎች እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

«ሙዚየም ተሠርቶ የለ እንዴ? ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ሙዚየሙ በጁን 2023 ሲከፈት ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ሙዚየም የሚገባው አስቦበት የሚመጣ ሰው ነው። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉም ነው። ያ ታሪክ ደግሞ የሆነው መንገድ ላይ፣ በነዚያ ጥጎች ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በዚህ ከተማ እንደኖረ የሚታወቀው የመጀመሪያው አይሁዳዊ አይዛክ ፖሎክ ይባላል። በ1795 ከሳቫና፣ ጆርጂያ መጣ። ያኔ ዋሽንግተን ገና ረግረግና የመንገድ ንድፍ ነበረች። መንግሥት ከፊላደልፊያ አልተዛወረም። ፖሎክ ፔንስልቬንያ አቬኑ ላይ «ስድስቱ ሕንጻዎች» የተባሉትን ቤቶች ሠራ። በ1800 መንግሥት ወደዚህ ሲመጣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ያረፈው እዚያ ነው። የአሜሪካ ዲፕሎማሲ በዚህ ከተማ በመጀመሪያዎቹ ወራቱ ከሠራባቸው ቤቶች አንዱ አንድ አይሁዳዊ የሠራው ነው ማለት ነው። ይህን ከአላፊ አግዳሚው ስንቱ ያውቀዋል?

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ አለ። በ1852 ግን ጀርመንኛ ተናጋሪ የሆኑ 21 ወንዶች እዚያው ፔንስልቬንያ አቬኑ ላይ አንድ ሰው ቤት ተሰብስበው የዋሽንግተን ዕብራውያን ጉባኤን መሠረቱ። ንብረት ለመያዝ ሲነሡ የሕግ እንቅፋት ገጠማቸው። የከተማው ሕግ አውጪ ኮንግረስ ነበር፤ የነበረው ሕግ ደግሞ ስለ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያናት ብቻ ነበር የሚናገረው። ስለዚህ ለኮንግረስ አቤት አሉ። በጁን 1856 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ የፈረሙት ሕግ በከተማዋ ያሉ የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያናት ያላቸውን መብት ሁሉ ለዕብራውያኑ ጉባኤም ሰጠ። አቤቱታው ፍርሃት አልነበረበትም። ይገባናል ብለው ጠየቁ፣ ተሰጣቸው። ያ ሕግ ከተማው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢታይ ደስ ይለኛል።

በ1863 በ8ኛ ስትሪት ላይ የሜቶዲስቶች የነበረ ቤተ ክርስቲያን ገዝተው ምኩራብ አደረጉት። ቆየት ብሎ አለመግባባት መጣ። ጉባኤው የአምልኮ ሥርዓቱን ወደ ማዘመን ሲያዘነብል፣ የአባቶቻችን ሥርዓት አይነካ ያሉት ቤተሰቦች በ1869 ተለይተው ወጡና አዳስ እስራኤልን መሠረቱ። በዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ አይሆንብንም። በኪራይ አዳራሽ የተጀመረ ጉባኤ፣ በሥርዓት የተነሣ ክርክር፣ ተለይቶ መውጣት፣ ገንዘብ አዋጥቶ የራስን ሕንጻ መሥራት፤ እኛም በዚያው መንገድ ሄደናል።

እነዚያ ተለይተው የወጡት ሰዎች ሀብታም አልነበሩም። አብዛኞቹ ትንንሽ ነጋዴዎች ነበሩ። ሰብስበው ሰብስበው 6ኛና ጂ ላይ ያቺን ምኩራብ ሠሩ። ጁን 9 ቀን 1876 ተመረቀች። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከእንግዶቹ መካከል ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ነበሩ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በምኩራብ ምረቃ ላይ ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ፤ 10 ዶላርም ለገሱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ግራንት ማን እንደነበሩ ካልተነገረ ታሪኩ ግማሽ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በዲሴምበር 1862፣ ጄኔራል ግራንት አንድ ትእዛዝ አወጡ። በሕገወጥ የጥጥ ንግድ ሰበብ አይሁዶች በሙሉ እሳቸው ከሚያዙበት ግዛት እንዲባረሩ የሚል ነበር። ያጠፋውም ያላጠፋውም፣ ነጋዴውም ሌላውም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ። «በ24 ሰዓት ውጡ» መባል ምን እንደሆነ ከእኛ መካከል ማስረዳት የማያስፈልጋቸው ብዙ ሰዎች አሉ።

ፓዱካ ከተባለች የኬንታኪ ከተማ የተባረረ ሴዛር ካስክል የሚባል ነጋዴ ግን ዝም አላለም። ተጉዞ እዚህ ዋሽንግተን ድረስ መጣ። በጃንዋሪ 1863 መጀመሪያ ላይ ኋይት ሐውስ ገብቶ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ነገራቸው። ሊንከን ትእዛዙን ወዲያውኑ አሻሩት። በ1868 ግራንት ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ነገሩ ተነሣባቸው። ያንን ትእዛዝ እንደማይደግፉት በደብዳቤ ገለጹ። ከተመረጡም በኋላ ሳይመን ዎልፍ የተባለውን የዚህችን ከተማ አይሁዳዊ ጠበቃ የከተማው የንብረት ውል መዝጋቢ አድርገው ሾሙ። ይህ ሹመት በኋላ የታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ የባርነት ተቃዋሚ የፍሬድሪክ ዳግላስም ሆኗል። ከዚያ በ1876 መጥተው ምኩራብ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ።

እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ግራንት ንጹሕ ሰው ነበሩ ብዬ አይደለም። የተባረሩትን ቤተሰቦች በደል 10 ዶላር አይክሰውም። ግን ያባረረ ሰው ካባረራቸው ወገኖች ዘንድ ሄዶ፣ በነሱ ቤት፣ በነሱ ሥርዓት ተቀምጦ ሲያዳምጥ ማየት በየትም አገር የሚገኝ ነገር አይደለም። የተቀበሏቸውም ሰዎች ልበ ሰፊ ነበሩ። ይህ የሆነው 6ኛና ጂ ጥግ ላይ ነው። ሌላ ቦታ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕንጻዋ ሕይወት ነው ለእኔ ከሁሉም በላይ ይህችን ከተማ የሚገልጻት። ጉባኤው እየበዛ ሲሄድ ጠበባቸውና በ1908 6ኛ ስትሪትና አይ ስትሪት ላይ ትልቅና ባለ ጉልላት ምኩራብ ሠሩ። አሮጌዋን የገዛት ፍራፍሬ ሻጭ የሆነ ጣሊያናዊ ስደተኛ ነበር። ላዩን የግሪክ ኦርቶዶክሶች ቤተ ክርስቲያን አድርገው ተገለገሉበት። ታችኛው ፎቅ በየዘመኑ ብስክሌት መሸጫ፣ ፀጉር ቤት፣ ግሮሰሪ፣ ምግብ ተጠቅልሎ የሚሸጥበት ቤት ሆነ። በ1960ዎቹ ልትፈርስ ተወስኖባት ነበር። የሜትሮ ዋና መሥሪያ ቤት ሊሠራበት ቦታው ተፈለገ። ታሪኳን የሚያውቁ አይሁዳውያን ተሯሯጡና በ1969 መጨረሻ ሕንጻዋ ተነሥታ ወደ 3ኛና ጂ ተወሰደች። በ2016 በአውራ ጎዳናው ላይ ለሚሠራው ግንባታ ሲባል እንደገና ተነሣች። በጃንዋሪ 2019 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተጓዘች፤ አሁን ያለችበት ቦታ ላይ ያረፈችው ያኔ ነው።

ትልቁ ምኩራብም የራሱ ጉዞ አለው። አዳስ እስራኤል በ1951 ወደ ሰሜን፣ ወደ ክሊቭላንድ ፓርክ ሲሄድ፣ 6ኛና አይ ላይ ያለውን ሕንጻ ተርነር ሜሞሪያል የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ገዛው። ለ50 ዓመት ያህል ዘመሩበት። በ2002 ሕንጻው ለሽያጭ ሲቀርብ ሦስት የከተማው ባለሀብቶች ተባብረው ገዙት፤ በ2004 እንደገና ምኩራብና የባህል ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። የዋሽንግተን ዕብራውያን ጉባኤ 8ኛ ስትሪት ላይ በድሮው ቤተ ክርስቲያን ቦታ በኋላ የሠራው አዲስ ሕንጻ ደግሞ ዛሬም የግሬተር ኒው ሆፕ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀና ብሎ ላየ የዳዊት ኮከብ አሁንም አለ። ባፕቲስቶቹ አላጠፉትም። ለዓመታት በዚያ ሰፈር ስሠራ ስንት ጊዜ ከሥሩ አልፌያለሁ! ማን እንደሠራው የነገረኝ ምልክት ግን ዓይኔ አልገባም። አንብቤ ነው ያወቅሁት።

አያችሁ፣ እነዚህ ሕንጻዎች እስከ ዛሬ የቆሙት ሌሎች ስለያዟቸው ነው። ጣሊያኑ ባይገዛት፣ ግሪኮቹ ባይጸልዩባት፣ የብስክሌቱና የምግቡ ነጋዴ ኪራይ ባይከፍል ኖሮ ያቺ ትንሽ ምኩራብ ገና ድሮ ፈርሳ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን ጉባኤዎች ባይኖሩ 6ኛና አይም፣ 8ኛ ስትሪትም ያሉት ሕንጻዎች ምን ይሆኑ እንደነበር እንጃ። ስለዚህ ምልክቱ ሲጻፍ የአይሁዶቹ ስም ብቻ ተጽፎ እንዳያበቃ እለምናለሁ። ከነሱ በኋላ የያዙትም ይጻፉ። ታሪኩ ሙሉ የሚሆነው እንደዚያ ነው፤ አይሁዳውያኑም ቢሆኑ ይህን የሚጠሉት አይመስለኝም።

ሳውዝዌስት ግን እንደዚህ ዕድለኛ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሩሲያና ከሊቱዌኒያ የመጡ ድሃ አይሁዳውያን የሰፈሩት እዚያ ነው። ዋና መንገዳቸው አራት ተኩል ስትሪት ይባል ነበር፤ ዛሬ 4ኛ ስትሪት የምንለው ነው። ሱቆቻቸው ደርድረው፣ ከላይ እየኖሩ ከታች ይነግዱ ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ጥቁር አሜሪካውያን ይኖሩ ነበር። አይሁዳውያኑ ታልሙድ ቶራ የተባለ ምኩራብ ነበራቸው። የዚያ ምኩራብ የጸሎት መሪ የነበሩት የረቢ ሞሰስ ዮልሰን ልጅ አሳ፣ በኋላ አል ጆልሰን በሚል ስም በመላው አሜሪካ የታወቀው ዘፋኝ ነው። ያደገው በነዚያ መንገዶች ላይ ነው።

በ1950ዎቹ «የከተማ እድሳት» በሚል ስም ያ ሰፈር ተጠርጎ ጠፋ። ወደ 23,000 ሰው ተነሣ፤ አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ወደ 1,500 የሚጠጉ ንግድ ቤቶች ተዘጉ። 4ኛ ስትሪት ላይ የነበረ የአንድ ሱቅ ባለንብረቶች «ሱቃችን ደህና ነው፣ ለምን ይፈርሳል?» ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገቱ። በ1954 ተፈረደባቸው። በርማን በፓርከር ላይ የተባለው ይህ ፍርድ በመላ አገሪቱ ሰፈሮችን ለማፍረስ መንገድ የከፈተ ነው። ያኔ ከተማዋ የራሷ የተመረጠ ከንቲባ አልነበራትም፤ ውሳኔው የፌዴራሉ መንግሥት ነበር። ስለዚህ «እኛ አላፈረስነውም» ማለት ትችላላችሁ፣ እውነትም ነው። ዛሬ ግን መንገዱ በእጃችሁ ነው። የዛሬው ከተማ ያኔ ዝም የተባለውን መናገር ይችላል።

በመሃል ከተማና በሳውዝዌስት የቆሙት የታሪክ መንገድ ሰሌዳዎች ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ላሠሯቸው ምስጋና ይገባል። እኔ የምለው ከዚያ የጠለቀ ነገር ነው። 6ኛና ጂ ላይ የምኩራቧ መሠረት ቅርጽ በእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ላይ በናስ ወይም በተለየ ድንጋይ ቢሰመር፣ መግቢያዋ የነበረበት ቦታ ላይ ዘመኑና የሆነው ነገር ቢጻፍ፣ ሰው ይቆማል። እግሩ ሥር ስላለ ይጠይቃል። ሕንጻው የሌላ ቢሆንም የእግረኛ መንገዱ የከተማው ነው፤ ፈቃዱም ወጪውም ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። 4ኛ ስትሪት ሳውዝዌስት ላይም አራት ተኩል የሚለው የድሮ ስም ከአዲሱ የመንገድ ስም ሥር ይለጠፍ። ምኩራቦቹ፣ ሱቆቹና የጥቁር አሜሪካውያኑ ቤቶች የነበሩበት ካርታ ይቁም። ጁን 9ም በየዓመቱ በከተማው ደረጃ ይታሰብ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጆች በዚያ ዕለት ከ6ኛና ጂ ተነሥተው እስከ 3ኛና ኤፍ ድረስ በእግራቸው ቢሄዱ፣ አምስት ደቂቃ ከምናምን ነው። ሕንጻዋ የተጓዘችውን ያያሉ።

አሁን ደግሞ መናገር የሚከብደኝን ልናገር። በሜይ 21 ቀን 2025 ምሽት፣ እዚያው ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ፣ የእስራኤል ኤምባሲ ሠራተኞች የነበሩ ሁለት ወጣቶች በጥይት ተገደሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ፍቅረኛሞች ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። በጦርነትና በፖለቲካ ላይ ሰው የፈለገውን አቋም ይያዝ፤ እኔም የራሴ አለኝ። ከሙዚየም የሚወጣን ሰው መግደል ግን በምንም ስም ሊጸድቅ አይችልም። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ አንድ ማኅበረሰብ በሩን በጥበቃ ቢያጥር ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ለዚህም ነው መታሰቢያው ደጅ ላይ፣ በከተማው ስምና በከተማው ገንዘብ እንዲሆን የምጠይቀው። «እነዚህ ሰዎች ከ1795 ጀምሮ የዚህ ከተማ ሰዎች ናቸው» ብሎ መናገር የአይሁዶቹ ብቻ ሥራ መሆን የለበትም። የከተማው ሥራ ነው።

«አንተ ሐበሻ፣ ምን አገባህ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ያገባኛል። ቤተ እስራኤል የአገሬ ልጆች ናቸው፤ በአማርኛ የሚያነቡኝ ብዙዎቹም እስራኤል ይኖራሉ። ከዚያም ሌላ፣ ዩ ስትሪትና 9ኛ ስትሪት ላይ ስንት ምግብ ቤቶቻችን ኪራይ አላስቀምጥ ብሏቸው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ እንደሄዱ አይተናል። ስደተኛ በዚህች ከተማ ሰፈር ያቀናል፣ ከዚያ ይነሣል። አይሁዳውያኑ ከ7ኛ ስትሪት ሱቆቻቸው ተነሥተው ወደ ሰሜን፣ ከዚያም ወደ ሜሪላንድ ሄዱ። እኛም ጀምረነዋል። የተነሣን ሰው ቦታ መጻፍ የለመደ ከተማ ነገ የእኛንም ይጽፋል ብዬ አምናለሁ። ግን የነሱ ታሪክ የእኛ ባይመስልም እንኳ መጻፍ ነበረበት።

የትርጉሙ ነገር እንዳይረሳ አደራ። ያንን አካባቢ በየቀኑ የሚረግጡት ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ቱሪስቱ «እዚህ ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው የታክሲ ሹፌሩን ነው፣ የጋራዡን ሠራተኛ ነው። በአማርኛ አንብበውት ከሆነ በኩራት ይነግሩታል። ትርጉሙን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይሥራው እንጂ ኮምፒውተር አውጥቶት እንዳይለጠፍ። ለዚህ በነጻ የሚያግዙ ሰዎች ማኅበረሰባችን ውስጥ ሞልተዋል፤ እኔም አለሁ።

ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ሙዚየሙ፣ አዳስ እስራኤል፣ የዋሽንግተን ዕብራውያን ጉባኤ፣ ተርነር ሜሞሪያል፣ ግሬተር ኒው ሆፕ፣ የግሪክ ኦርቶዶክሶቹ ጉባኤና ከሳውዝዌስት የተነሡ ቤተሰቦች ልጆች ይጠሩ። አስተርጓሚ ይኑር። ቀኑን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። የሥራ ቀን ከሆነ የጋራዥና የሆቴል ሠራተኛ አይመጣም። ቅዳሜ የአይሁዳውያኑ ሰንበት ነው። እሑድ ጠዋት ባፕቲስቶቹም፣ ግሪኮቹም፣ እኛም ቤተ ክርስቲያን ነን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
በዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ